መሬት ያልወደቀው ሳንቲም

ኦቨርታይም ሲባል እኔ የማውቀው የሥራውን ነበር። ልጄ ሰላም ኤርፖርት ትሠራለች፤ «ዛሬ ኦቨርታይም ያዝሁ» ብላ ስትደውል ወጡን ከድኜ የምጠብቅበት ሰዓት ማለት ነው። ኳስም ኦቨርታይም እንዳለው ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ቤቲ ናት። ቤቲ የአሜሪካኖቹን ኳስ ትወዳለች፤ ያንን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ እግር ኳስ የሚሉትን፣ ትከሻቸውን እንደ ቁም ሣጥን አሳብጠው የሚላተሙበትን። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ፣ እህቴ በላይነሽ ባለችበት የአረጋውያን መኖሪያ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጨዋታው እኩል ለእኩል አለቀ። እኔ ዳዊቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ለእህቴ አነብላት ነበር፤ የእሷ ዓይን ጠፍቷል። ቤቲ «እማማ፣ ቆይ ቆይ፣ አሁን አታንብቢ!» አለችኝና ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ባለ መስመር ሸሚዝ የለበሰው ዳኛ መሀል ሜዳ ላይ ቆመ፣ ከሁለቱም ወገን የመጡት ከበቡት፣ ሳንቲሙን ወደ ላይ ወረወረው። ሳንቲሙ በአየር ላይ ተገለባበጠና ሣሩ ላይ ወደቀ። ማንም አልቀለበውም። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምን ወጣ?» አለች እህቴ፣ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ።

ይህችን ጥያቄ ከእሷ አፍ ከሰማሁ ልክ ዓመቴ ነው።  ቤቲ ምኑን አውቃ፣ ማን እንዳሸነፈ ነገረቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሕጉን እንደ ሁልጊዜው ታስረዳኝ ጀመር። ድሮ ሳንቲሙን ያሸነፈው ኳሱን ይወስድና መጨረሻው መስመር ድረስ ይዞ ከገባ ጨዋታው እዚያው ያልቃል፣ ሌላው ቆሞ እንዳየ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሁን ግን ሕጉ ተለውጦ ለሁለተኛውም አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። «ግን እማማ፣ አሁንም እኮ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ይዘው እኩል ከሆኑ ያው መጀመሪያ የያዘው ደግሞ ይይዛል። ሳንቲሙ አሁንም አለበት። አንቺ ፌር ነው ትያለሽ?» አለችኝ። እኔ ዳዊቴን አጠፍሁ።  የመኖሪያው ሳሎን የበረኪናና የተቀቀለ አትክልት ሽታ አለው፤ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንዳለ እኔ ሌላ ቦታ ነበርሁ፣ ጭቃና የሚተኮስ ሱፍ የሚሸትበት ቦታ።

ደሴ ያኔ ጉም የሚውልባት ከተማ ነበረች። ጠዋት ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ይነሳል፣ እስከ ረፋድ ድረስ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወርደው ሰው ከወገቡ በላይ አይታይም። የአባባ ስፌት ቤት እዚያ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከአንዲት ሻይ ቤት አጠገብ ነበረች። ቤት ልበላት እንጂ በረንዳ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ኮቶች። እጅጌ ሳይኖራቸው ሲንጠለጠሉ ልጅ ሆኜ እፈራቸው ነበር። ያኔ ቴትሮን ገና መምጣቱ ነው፤ የቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ በሻይ ቤቱ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ሳያልፍ አይውልም። ካኪ ለዘበኛ፣ አቡጀዲ ለገበሬ፣ ሱፍ ለሙሽራ። በስሙኒ አሥር እንቁላል ይገዛ ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘምዘም ሬዲዮኗን ከፍ አድርጋ ስትከፍተው ዘፈኑ እኛ ድረስ ይመጣል፤ አባባ በዘፈኑ ምት ፔዳሉን ይረግጣል። ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱም ይፈጥናል። ደንበኞቹ «የእስክስታ ቀን የተሰፋ ሱሪ ቶሎ ይተረተራል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ፎቃችን ሥር ካለው ልብስ አስተካካይ ደጃፍ ሳልፍ መኪናዎቹ በኤሌክትሪክ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይጮሃሉ፣ ዘፈን የሚከተል የለም።

እኔና በላይነሽ መንታ ነን። እሷ ቀድማ ወጣች፣ እኔ ተከተልሁ። እናታችን እኛን አሳድጋ ሳትጨርስ ሞተች፤ አባባ ሁለታችንን በረንዳው ላይ ይዞን ይውል ነበር። እጅ የኔ ነበር፣ አፍ የሷ። እኔ ገና በሰባት ዓመቴ የኮት ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ የቁልፍ ቀዳዳ እሠራለሁ፤ እሷ መርፌ ስትይዝ ደሟ ሳይፈስ አይውልም። ደንበኛ ሲመጣ ግን የምታወራው እሷ ናት። የጨዋታ ነገር ሲሆን ደግሞ ቀድማ ካልተናገረች ታማለች። ጠጠር ስንጫወት «እኔ ልጀምር!» ትላለች፤ ካልጀመረች ጠጠሩን ትበትነዋለች። እኔ ብዙ አልጨነቅም ነበር። ተራዬ ይደርሳል ብዬ የማምን ልጅ ነበርሁ።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ አስተማሪ ጥላውን ይዞ በየሱቁ እየዞረ ልጆች ሲመዘግብ እኛ ጋ ደረሰ። ሁለታችንን አየና «ሁለቱም ይምጡ» አለ።

«ሁለቱም ከሄዱ ማን ክር ያስገባልኛል?» አለ አባባ። ዓይኑ ያኔም እየደከመ ነበር፤ እኛ ግን አላወቅንም።

«እንግዲያስ የትኛዋ ትምጣ?»

አባባ ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። «እኔ ከልጆቼ አላዳላም። ዕጣ ይምረጥ» አለና ከኪሱ ስሙኒ አወጣ። ያችን ጠርዟ እንደ አበባ የተሸራረፈች ስሙኒ ዛሬ ማን ያስታውሳታል? በአንዱ ፊት ንጉሡ፣ በሌላው አንበሳው። ንጉሡ ያሉበትን ዘውድ፣ አንበሳውን ጎፈር እንለዋለን። አባባ ገና ሊጠይቀን አፉን ሲከፍት በላይነሽ «ዘውድ!» አለች። «እንግዲህ ላንቺ ጎፈር ቀረልሽ፣ ጥሩዬ» አለኝ አባባ።

ሻይ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ሊያዩ ወጡ። አባባ ሳንቲሙን ወረወረው። ደጃፋችን ጭቃ ነበር፤ ያኔ ደግሞ የንጉሡን ፊት ጭቃ ላይ መጣል ነውር ነው፣ ከሰዎቹ አንዱ ደግሞ ፖሊስ ነበር። «ንጉሡ መሬት አይወድቁም!» አለ አንዱ እየሳቀ። አባባም ሳንቲሙን ከአየር ላይ ቀለበው፣ በሌላው እጁ ከደነው፣ ወደ ደረቱ አስጠግቶ መዳፉን ከፈት አድርጎ አየ። ብቻውን አየ።

«ዘውድ» አለ። ወዲያው ሳንቲሙን ኪሱ ከተተው።

በላይነሽ ዘላ አልጨፈረችም፤ ይህ ያኔ አልገረመኝም። እኔ አለቀስሁ። እትዬ ዘምዘም መጥታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችኝ። «አታልቅሺ የኔ ልጅ። ዕጣ የፈጣሪ ነው፤ ከፈጣሪ ጋር አይሟገቱም» አለችኝ። አባባም «የዘንድሮው የሷ፣ የከርሞው ያንቺ» አለኝ። የበላይነሽን የደንብ ልብስ እሱ ሰፋው፤ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ። ስድስት ቁልፍ ነበረው። የስድስቱንም ቀዳዳ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንዳይተረተር ክሩን ደርቤ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቀሚሷን ለብሳ ቁልቁለቱን ስትወርድ ጉሙ ከወገቧ በላይ ዋጣት፤ ሰማያዊው ቀሚስ ብቻውን ሲሄድ ይታየኝ ነበር።

ከርሞ መጣ። የአባባ ዓይን ባሰበት። መርፌው እኔ ሆንሁ፣ መቀሱ እኔ ሆንሁ፣ በመጨረሻም ጨርቁን በመዳሰስ ብቻ ሱፍ ከካኪ የሚለይ ሽማግሌ አጠገብ ዓይኑ ሆኜ ተቀመጥሁ። «የከርሞው ያንቺ» ማለቱን አልተወም፤ እኔ ጡት ካወጣሁ በኋላም፣ ለባል ከታጨሁ በኋላም ይለኝ ነበር። በላይነሽ ተምራ አስተማሪ ሆነች። ለበዓል ስትመጣ ቦርሳዋ ውስጥ የኖራ ጠመኔ ሽታ ነበር፤ ያንን ሽታ ሰርቄ ለመሳብ ቦርሳዋን እኔ ካልያዝሁ እላለሁ። ጊዜው ተለወጠ፣ ንጉሡም ወረዱ፣ የስሙኒውም ፊት ተለወጠ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀበሌ ውስጥ፣ ሰላምን ጡት እያጠባሁ፣ ከሽማግሌዎች ጋር። በላይነሽ ሰምታ ሳቀች። «እሰይ፣ ደረሰልሽ» አለችኝ። ቅር አላለኝም። ሰው ላይ ምን አለኝ? የፈረደው ሰው አይደለም። ዕጣ ነው። ከዚያ በረንዳ እስከዚህ አገር የተደገፍሁት ግድግዳ ይኸው ነበር።

እዚህም ቢሆን ያመጣን ዕጣ ነው። የበላይነሽ ልጅ ዳንኤል ዲቪ ወጣለት፣ እናቱን አመጣት፣ አሌክሳንድሪያ ቤት ያዘ። እኔን ሰላም አመጣችኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። መንታዎቹ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሆነን አረጀን። ከዚያ የአባባ ዓይን ወደ እሷ መጣ፤ ሐኪሙ በዘር ይመጣል አለ። እኔን ዘለለኝ። ደብዳቤዋንም፣ ዳዊቷንም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውንም የማነብላት እኔ ሆንሁ። ቤቲ እሑድ እሑድ በመኪናዋ ታደርሰኛለች። ያልተማረችው ለተማረችው ታነባለች እያሉ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይገረሙ ነበር። እሷ ግን አስተማሪነቷ አልለቀቃትም። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና «ተመለሺ! አንድ መስመር ዘለሻል» ትለኛለች፣ ጣቷን ጉልበቷ ላይ እየቀጠቀጠች። እመለሳለሁ። ብዙ ጊዜም እውነቷን ነው።

እንግዲህ የዛሬ ዓመት ወደሆነው ልምጣ። ዳንኤል ቴክሳስ ሥራ አገኘና የአሌክሳንድሪያውን ቤት ሊለቅ ሆነ። እናቱን እንዳይወስዳት፣ እዚያ ሰው አታውቅ፣ እሱና ሚስቱ ሲሠሩ የሚውሉ፤ ዓይነ ስውር ሴት ባዶ ቤት ውስጥ ምን ትሆናለች? ያለው መንገድ ሁለት ነበር፤ ወይ ይህ አሁን ያለችበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ ወይ እኔ ጋ። ሰላም «ክፍሉ ያንቺ ነው እማዬ፣ ሁለት አልጋ ይበቃዋል፤ ውሳኔው ያንቺ ነው» አለችኝ። በላይነሽ እኔ ጋ መምጣት እንደምትፈልግ ዳንኤል በስልክ ነገረኝ፤ «እሷ አትለምንዎትም፣ ያውቋታል። ግን ማታ ማታ ሻንጣዋን እየዳሰሰች ነው» አለኝ። አሁን እንደ ንስሐ አባቴ ፊት ሆኜ ነው የምናገረው፤ እኔ ያን እሑድ የሄድሁት «ነይ» ልላት ነው። ከቁም ሣጥኔ አንዱን መሳቢያ ለሷ ባዶ አድርጌ፣ ትራስ ገዝቼ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ከሷ እንድሰማ ፈለግሁ። እኔ ከትምህርት መቅረቴ ልክ አልነበረም እንድትለኝ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ስንደርስ ዳንኤል ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጨዋታ ያያል። ግማሹ ዕቃ በካርቶን ታስሯል፣ ቴሌቪዥኑ ብቻ ቀርቷል። ይህም ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆነና ወደ ኦቨርታይም ሄደ፤ ዳንኤልና ቤቲም ተያያዙ።

«ድሮ እኮ የሚያምር ሕግ ነበረው» አለ ዳንኤል። «ሳንቲሙን ያሸነፈ ይይዛል፣ መስመሩን አልፎ ታችዳውን ካገባ አለቀ። አሁን ለሁለተኛውም ይድረሰው ብለው አበላሹት።»

«ዳኒ፣ ስቶፕ! ሌላው ቲም ኳሱን ሳይነካ ይሸነፋል። ዛትስ ኖት ፌር።»

«ዲፌንስ ለምን ተፈጠረ? ያስቁማቸዋ!»

«ኦኬ። የራስህ ቲም በዚያ ሕግ የተሸነፈ ጊዜ ሦስት ቀን ያለቀሰው ማን ነበር?»

«አላለቀስሁም። አለርጂ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። በላይነሽም ሳቀች፤ ከዚያ በአስተማሪ ድምጿ ገባችበት። «ዳኒ ልክ ነው። ሕግ ሕግ ነው። ሳንቲሙ ያልወጣለት ተከላክሎ ይኑር፤ መከላከልም ጨዋታ ነው።»

እኔ በሰው ወሬ መሀል የምገባ ሰው አይደለሁም። አፌ ግን አመለጠኝ። «ኳሱን ያልነካ ሰው እንዴት ተሸነፈ ይባላል?» አልሁ።

«ይበሉ እትዬ ጥሩ!» አለ ዳንኤል እያጨበጨበ። «እርስዎም ገቡበት?»

«ቢነካውስ ምን ሊያደርግበት ኖሯል?» አለች በላይነሽ። «አንዳንዱ ሰው ቢሰጡትም ይጥለዋል።»

 ቤቲ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት። ጨዋታው ሲያልቅ ዳንኤል ምግብ ላምጣ ብሎ ተነሳ፤ ቤቲም ጃኬቷን አንስታ ተከተለችው። ሁለታችን ከካርቶኖቹ ጋር ቀረን።

«በላይነሽ» አልኋት፣ «ዕጣ የፈጣሪ ነው ብዬ ይኸው ዕድሜ ልኬን ቻልሁት። አንቺን አልከሰስሁሽም። አንድ ቃል ብቻ ስጪኝ። ልክ አልነበረም በይኝ።»

 ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሸነፉት ይተቃቀፋሉ።

«ፈጣሪን ተዪው» አለች። «ፈጣሪ እዚያ አልነበረም። ጎፈር ነበር የወጣው።»

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ከአባባ በስተግራ ነበር የቆምሁት። መዳፉን ከፈት ሲያደርግ አየሁት፤ አንበሳው ነበር። አባባም እንዳየሁ አየኝ። ዓይኔን እያየ 'ዘውድ' አለ።»

«ለምን?» አልሁ። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«እኔም በማግሥቱ ጠየቅሁት፤ የደንብ ልብሴን እየለካኝ ነበር። 'አንቺ ለመርፌ አትሆኚም፣ ባልም ምላስሽን አይችለውም፤ የት ልጣልሽ? እሷን ከላክሁ ቤቱ ይፈርሳል' አለኝ። እኔ ተመርጬ አልሄድሁም ጥሩነሽ። ስለማልረባ ነው የተላክሁት። አንቺ ዕድለኛ መስዬሽ ስትቀኚ፣ እኔ አንቺ በሠራሽው ቀዳዳ ቁልፌን እየቆለፍሁ በየቀኑ ለምን እንደተላክሁ አስታውስ ነበር።»

«ያኔ ብትናገሪስ? አንድ ቃል፣ ሰዎቹ ሳይበተኑ።»

«ለምን ብዬ?» አለች። «ለኔ ጥሩ ነበር። ልክ አልነበረም እንድልሽ ትፈልጊያለሽ፣ እሺ፣ ልክ አልነበረም። ግን ዋሽቼ አላስደስትሽም። ዛሬም ያ በረንዳ ላይ ብመለስ ዝም እላለሁ።»

የፈለግሁትን ቃል ሰጠችኝ፤ በዚያው አፏ መልሳ ወሰደችው። እኔን ግን ያ አልነበረም ያደነዘዘኝ። የተደገፍሁት ግድግዳ ነው የፈረሰው። አባባን በጨለማው ጊዜ እጁን ይዤ የመራሁት፣ ጥፍሩን የቆረጥሁለት፣ «የከርሞው ያንቺ» ሲለኝ «እሺ አባባ» ያልሁት በየትኛው ልቤ ነበር? ከፈጣሪ ጋር እንዳልሟገት ብዬ የዋጥሁት ሁሉ ለካ የአንድ ሰው መዳፍ ነው። ለካ መሟገት እችል ነበር። ለካ «አባባ፣ አሳየኝ» ማለት ብቻ ነበር የጎደለው። ደግሞ ትልቁን ነገር ልንገራችሁ፤ ያን ቀን ልል አስቤ ነበር። ጭቃው ላይ ቆሜ፣ አሳየኝ ልል አፌ ደርሶ ነበር። መልሱን ስለፈራሁ ተውሁት።

«ይኸው ነገርሁሽ» አለች በላይነሽ። «ልሞት ስለሆነ ነገርሁሽ ብለሽ እንዳትፈሪ፤ አልሞትም። አሁን አንቺ ጋ ልምጣ ወይስ አልምጣ? አልለምንሽም፣ ለምኜ አላውቅም። ሳንቲም የለሽም?»

ለልብስ ማጠቢያው ማሽን የማስቀምጣቸው ኳርተሮች፣ የዚህ አገር ስሙኒዎች፣ በመሐረቤ ተቋጥረው ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። አንዱን ፈታሁ። እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ የልብስ ሰፊ እጅ ነው።

«ዘውድ!» አለች፣ ገና ሳልወረውረው። ሰባ ዓመት አልፏት ቀድማ ተናገረች።

ወረወርሁት። እዚህ አገር ንጉሥ የለም፣ ምንጣፉም ደረቅ ነው፤ ቢወድቅ የሚቆጣ የለም። እጄ ግን ሳላዘው ከአየር ላይ ቀለበው፣ ሌላው እጄ ከደነው፣ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። መዳፌን ከፈት አድርጌ አየሁ። የሰውዬው ፊት ነበር፤ ፀጉሩን ወደኋላ ያሰረው ሰውዬ፣ ጥርት ብሎ። ዘውድ። ባዶው መሳቢያ ትዝ አለኝ። ትራሱም።

«ምን ወጣ?» አለች እህቴ።

«ጎፈር» አልኋት።

ትንሽ ፈገግ አለች። «እዚህ አገር ሳንቲም ላይ አንበሳ አለ እንዴ?»

«አሞራ ነው።»

እጇን ዘረጋች። የዓይነ ስውር ጣት ያያል፤ አባባ ሱፉን ከካኪ የሚለየው በጣቱ ነበር፤ እሷም አንዴ ዳሰስ ብታደርገው ፊቱን ከአሞራው ትለየው ነበር። እኔም ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር፣ ይህን በመስቀል እምላለሁ። እጇ ግማሽ መንገድ መጣ። ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ጉልበቷ ላይ ተቀመጠ።

«ዕጣ የፈጣሪ ነው» አለች። ፈጣሪ እዚያ አልነበረም ያለችኝ ሴት።

ዳንኤል ምግቡን ይዞ ሲመለስ በራሷ አንደበት ነገረችው። «ዳኒ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው የምቀረው። ጨርሰናል፣ ዕጣ ጥለን ነው።» ዳንኤል እኔን አየኝ። ካርቶን ሊያስር ጎንበስ አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

ይኸው ዓመት ሆነ። እሷ መኖሪያው ውስጥ ናት፣ መስኮት አጠገብ፣ ቀይ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እዚያ የምትሠራ አንዲት የሐበሻ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ትሠራላታለች፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ያቺ ልጅ እረፍት ስለሆነች እሑድ ስመጣ ፀጉሯ ተበትኖ አገኘዋለሁ፣ እኔ እጎነጉንላታለሁ። በየእሑዱ «በላይነሽ፣ ዘውድ ነበር» ለማለት አስቤ እመጣለሁ። በየእሑዱ ሳልል እመለሳለሁ፤ ቤቲ ትልቁን ድልድይ እየተሻገረች፣ እኔ ወንዙን እያየሁ። ሳንቲሙን ማሽን ውስጥ አልከተትሁትም፣ መሐረቤ ውስጥ ነው። መሳቢያው እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሰላም አንድ ጊዜ ፎጣ ልትከትበት ስትል ተቆጣኋት፤ ለምን እንደተቆጣሁ ለሷም ለራሴም አልመለስሁም።

ቤቲ ያልመለስሁላትን ጥያቄ አልረሳችም። ባለፈው እሑድ ሁለቱም ቲሞች ተራ በተራ ኳሱን ይዘው፣ አንደኛው ሳይቀናው ቀርቶ፣ ሌላው አሸንፎ ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ተመልሳ መጣችብኝ። እኔም እንደ አቅሜ መለስሁላት። ለሁለቱም ይድረስ ማለታቸው ጥሩ ነው አልኋት፤ የሚቀጥለው ዓመት ያንተ ነው ተብሎ ሜዳ ዳር እንዲያረጅ የሚደረግ ሰው መኖር የለበትም። ሳንቲሙ ካልቀረም ይወርወር፤ ግን እነሱ እንደሚያደርጉት መሬት ይውደቅ፣ ማንም አይቅለበው፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይየው።

«ሶ፣ አሁን ፌር ነው ማለት ነው?» አለችኝ።

 ለሁለተኛው ከደረሰው በኋላ ምን እንደሚያደርግበት ሕጉ አይናገርም።

በእኔ ፈንታ እህቴ መለሰች። ዓይኗ ወደ መስኮቱ ነበር፤ ፊቷን ግን ወደ እኔ፣ ልክ ወደ እኔ አዞረችው።

«አሁንማ ምን ይጎድለዋል?» አለች። «ሁለቱም ነክተውታል።»

ከዚያ ጣቷን ጉልበቷ ላይ ቀጠቀጠች። «በይ አንብቢ። የቱ ጋ ነበርሽ?»

ዳዊቱን ገለጥሁ። የተውሁበትን መስመር ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁት።